በራሴ ፋይል የሸሸግኳት ስልሳ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ኬክ አስቆረሱኝ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ጋቢው ከሽሮ ሜዳ የተገዛ፣ ፈትሉ ያማረ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ተራ በተራ እየተነሳ ስለ እኔ መልካም መልካሙን ተናገረ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ሰዉ ትሕትና መሰለው። ምን ትሕትና! እፍረት ነበር። ይህን የምጽፈው እፍረቱ ይቀልልኛል ብዬ አይደለም። የሌላ ሰው ስም በእኔ ምክንያት አሥራ ሁለት ዓመት ስለጎደፈ ነው።

መስፍን እባላለሁ። ጉለሌ ተወልጄ፣ ጉለሌ አድጌ፣ የሥራ ዘመኔንም አብዛኛውን የጨረስኩት እዚያው ጉለሌ ነው። መጀመሪያ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነበርኩ። ኮምፒውተር መጥቶ የጽሕፈት መኪናውን ሁሉ መጋዘን ሲያስገባው፣ እኔንም አብሮ እንዳያስገባኝ ፈርቼ ኮምፒውተር ተማርኩ። ከዚያ አንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ክፍል ገባሁ። አለቃዬ ከመጮህ ሌላ ሙያ አልነበረውም፤ አምስት ዓመት ጆሮዬን ይዤ ኖርኩ። በመጨረሻ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት ቀጠረኝ። ደሞዙ ያው ነበር፤ የቅጥር ቅጹ ግን አሥራ አንድ ገጽ! ወይዘሮ የሺመቤትን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

እትዬ የሺ ነበር የምንላቸው። በስምንት ዓመት ይበልጡኛል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ፕሮግራም የሚጽፉት ሲ በሚባለው ቋንቋ ነበር፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሲ በፓምፕ ሣጥን ውስጥ ለሚገቡ ትንንሽ ኮምፒውተሮች የተመቸ ቋንቋ ነው። ነገር ግን ሰውን አያባብልም። ያልከውን ያደርጋል፤ ስህተት ብትነግረውም ዝም ብሎ ስህተቱን ያደርጋል።

የፓምፕ ፕሮግራም ውስጥ የማይለዋወጡ ቁጥሮች አሉ። ፓምፑ የሚስብበት የታችኛው ገንዳ ውሃ ዝቅ ብሎ ስንት ሳንቲሜትር ሲደርስ ፓምፑ ይቁም? መብራት ሄዶ ሲመለስ ስንት ሴኮንድ ይጠብቅ? እነዚህን ኮንስታንት እንላቸዋለን። ፕሮግራሙ ደግሞ በብዙ ፋይል ተከፋፍሎ፣ በተለያየ ሰው እጅ ነው የሚጻፈው። የእትዬ የሺ ደንብ አንድ ነበር፦ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ቁጥር በጋራው ፋይል ውስጥ አንዴ ብቻ ይጻፋል፤ ሌላው ሁሉ በስሙ ይጠራዋል። መለወጥ ካስፈለገ አንድ ቦታ ትለውጣለህ፣ በየፋይሉ ይለወጣል። በቃ።

እኔ ስገባ ያ የጋራ ፋይል የተባለው ጉድ ነበር። ከሦስት መቶ በላይ ቁጥር ያለ ቅደም ተከተል ታጉሮበታል። ግማሹን የሚጠቀምበት የለም፤ ግን ምን እንደሚፈርስ ስለማይታወቅ ማንም ለመሰረዝ አይደፍርም። እትዬ የሺ ይህን መመደብ ጀመሩ። ሁሉም የሚፈልገው ለብቻው፣ የየጣቢያው ቁጥር በየጣቢያው ስም፣ አንድ ክፍል ብቻ የሚጠቀምበት ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ እንዲቀር። ሥራው ተራ ይመስላል። እንደ ምስር ለቀማ ነው፤ ዓይን ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ አንዷን ጠጠር ካለፍክ ጥርስ ትሰብራለች።

ስሙ ላይ መለኪያው ካልተጻፈ አይቀበሉም ነበር። አንድ ጊዜ ባዶ ስልሳ ጽፌ ወሰድኩላቸው።

«ስልሳ ምን?» አሉኝ።

«ስልሳ ነዋ እትዬ፣ ይታወቃል።»

«ለማን ነው የሚታወቀው? ስልሳ ሊትር ነው? ስልሳ ሴኮንድ ነው? ወይስ ስልሳ በግ ነው፣ ሸጎሌ ገበያ ወስደህ ልትሸጥልን?»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን መለኪያ ሳልጽፍ ቀርቼ አላውቅም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ራሳቸው ያልለኩትን ቁጥር አለመጻፋቸው ነው። «ንድፉ ላይ አለ እኮ» ብትላቸው፣ «ንድፉን የሣለው ሰውዬ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ያውቃል?» ይላሉ። ቦት ጫማ ያጠልቃሉ፣ በየአሥር ሳንቲሜትሩ ቀለም የተቀባ ረጅም እንጨት ይይዛሉ፣ በመሰላል ወርደው ይለካሉ። እኔ ከላይ ደብተር ይዤ እጽፋለሁ። «ጻፍክ?» «ጻፍኩ።» «እስቲ መልሰህ አንብብልኝ።» አነባለሁ። «እንደገና።» እንደገና አነባለሁ። አንዳንዴ ይሰለቸኛል፣ ፊቴን ቅጭም አደርጋለሁ። ከታች ሆነው አያዩኝም ብዬ ነው። «ፊትህን ፍታው፣ ድምፅህ ላይ ይሰማል» ይሉኛል።

በኋላ ቁስቋም ዳገት ላይ ላለ ሰፈር ውሃ የሚገፋ ጣቢያ ሥራ ተሰጠን። እትዬ የሺ የሚኖሩት እዚያው ሰፈር ስለነበር ደስታቸው ልዩ ነበር። «ከእንግዲህ ጎረቤቶቼ ውሃ ሲሄድ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል» እያሉ ይስቁ ነበር።

የጋራውን ፋይል በመከፋፈል ላይ ሳሉ ባለቤታቸው በድንገት አረፉ። ስልክ ሲደወልላቸው ሥራውን ኮምፒውተሩ ላይ እንደተከፈተ ጥለውት ሄዱ። ግማሹ ቁጥር አዲሱ ቦታ ገብቷል፣ ግማሹ አሮጌው ላይ ነው፣ የአንዳንዱም ስም ተቀይሯል። እኔ ያን ሰሞን መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓምፑን የሚያስነሳውን ክፍል እጽፍ ነበር። ለዚያ ደግሞ የገንዳውን ዝቅተኛ ከፍታ እፈልጋለሁ። ብፈልግ ሁለት ቦታ አገኘሁት፣ በሁለት ስም። የቱ እንደሚቀር፣ የቱ እንደሚሰረዝ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ። ጥያቄዬ የግማሽ ደቂቃ ነው፤ «እትዬ፣ የቱ ነው የሚቀረው?» ማለት ብቻ። ግን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ባሏን የምታለቅስ ሴት ስለ ገንዳ ከፍታ ትጠየቃለች? ሰዉስ ምን ይለኛል? ይሉኝታ አፌን ያዘኝ። እግዜር ያጽናዎት ብዬ ወጣሁ። ሥራ አስኪያጃችን ደግሞ በየጠዋቱ «አለቀ?» እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣኝ። ስለዚህ በራሴ ፋይል መጀመሪያ ላይ፣ ለጊዜው ብዬ፣ የራሴን ስልሳ ጻፍኩ። እሳቸው ለክተው እስኪያረጋግጡት ከንድፉ የገባው የጋራውም ቁጥር ያኔ ስልሳ ሳንቲሜትር ስለነበር ምንም ችግር አልታየም። እስከዚህ ድረስ ላለው ራሴን እምራለሁ።

ከአርባው በኋላ ጥቁር ለብሰው ተመለሱ። ምደባውን ጨረሱ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቁስቋም ወጥተን ለኩ። የሚስበው ቱቦ አፍ ንድፉ ላይ ካለው ከፍ ብሎ ተተክሎ አገኙት፣ ሥሩም ደለል ሞልቶታል። ከታች ሆነው ጮኹልኝ፦

«ዘጠና በል! ፓምፑ በስልሳ ከተነሳ ደለልና አየር ነው የሚስበው። ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።»

«አንብብልኝ።»

«ዘጠና ሳንቲሜትር።»

በእጄ ጻፍኩት፣ በአፌ አነበብኩት። በማግሥቱ የጋራውን ፋይል ዘጠና አደረጉትና ሁላችንንም ሰብስበው፣ «እኔ ባልነበርኩበት ጊዜ በየፋይላችሁ የወሸቃችሁት ቁጥር ካለ አሁን ንገሩኝ፤ አልቆጣም» አሉ። ሁለት ልጆች እጃቸውን አወጡ። እኔ ግን የቡድኑ ትልቅ ነኝ፣ የእሳቸው ተማሪ ነኝ፣ በልጆቹ ፊት «አንተም?» እንዳይሉኝ ፈራሁ። በኋላ ቀስ ብዬ አስተካክላታለሁ ብዬ፣ «የእኔ ንጹህ ነው» አልኳቸው። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ረስቻት አልነበረም። የረሳኋት በኋላ ነው።

በጋው ላይ መብራት ግማሽ ቀን ጠፍቶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ገንዳው ውስጥ የነበረው ውሃ ሰባ ሳንቲሜትር ነው። የጋራውን ዘጠና የሚያውቅ ክፍል ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ይጠብቅ ነበር። ነገር ግን መብራት በተመለሰባቸው ደቂቃዎች ውስጥ የሚያዘው የእኔ ክፍል ነው። የእኔ ክፍል የሚያውቀው ስልሳን ነው፤ ሰባ ይበቃል ብሎ አስነሳው። ሁለቱም ፓምፖች ደለል ውጠው ተቃጠሉ። ምትክ እስኪመጣ ሰፈሩ አንድ ወር ያህል ውሃ አላየም። ሴቶቹ ቢጫ ጄሪካን በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ጤና ጣቢያው ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ውሃ የለንም እያለ ወደ ሌላ ቦታ ይልክ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ፕሮግራሙን እንድመረምር እኔን መደበኝ። እትዬ የሺ ፋይሉን ያደራጁት ራሳቸው ስለሆኑ እንዳይነኩት ተባለ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ስልሳዬ መጀመሪያው ላይ ተቀምጣለች፣ ለጊዜው የሚለው ቃሌም አጠገቧ አለ። ተነስቼ በሩን ዘጋሁ። ሰረዝኳት። በቦታዋ የጋራውን ስም አስገባሁ፣ ፕሮግራሙን አስተካክዬ ሣጥኑ ላይ ጫንኩ። ከዚያ ሪፖርት ጻፍኩ፦ «ስህተቱ የተፈጠረው የጋራው ፋይል እንደገና በሚደራጅበት ወቅት ነው።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ለዚህ ነው የባሰ የሚያሳፍረኝ፤ ተጨንቄ፣ ቃል መርጬ ነው የጻፍኩት። ፋይሉን ያደራጀው ማን ነው? እትዬ የሺ። በቃ፣ ሌላ የጠየቀ የለም።

እሳቸው ግን ጠየቁ። የራሳቸውን ፋይል በወረቀት አሳትመው ሁለት ሳምንት ሙሉ አገላብጠው ምንም ሲያጡ ወደ እኔ መጡ። ያኔ የድሮውን ቅጂ የምናስቀምጠው በፍላሽ ነበር፣ ፍላሹም እኔ ጋ ነው የሚውለው።

«መስፍን፣ ከአደጋው በፊት የነበረውን ቅጂ እስቲ አምጣልኝ። የት ላይ እንደተሳሳትኩ ልየው።»

«ፍላሹን ቫይረስ በላው እትዬ።»

«አይ ያንተ ነገር! ምናለ ብትጠነቀቅ» አሉኝ። በዚህ ሁሉ ነገር የተቆጡኝ ለዚህ ብቻ ነው። ፍላሹ ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯቸው። ሲ የሚያስተምሩ የነበሩ ሴት ፋይል ላይ አቧራ ሲያራግፉ ከረሙ። ዓመት ሳይሞላቸው ጡረታቸውን ቀድመው ጠይቀው ወጡ። ወንበራቸው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ደንባቸውን ሁሉ እንደራሴ አድርጌ ለአዳዲሶቹ አስተማርኩ። «ስልሳ ምን?» እያልኩ አፌዝባቸው ነበር፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ቤታቸው መሄድ ግን አልተውኩም። በየዓውዳመቱ ዶሮ ይዤ ቁስቋም እወጣ ነበር። ልጃቸው ማህሌት በር ላይ ትቀበለኛለች። «ጋሼ መስፍን፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ያልረሱን እርስዎ ብቻ ነዎት» ትለኛለች። ያጎርሱኛል። እጎርሳለሁ። ጠረጴዛው ላይ የድሮውን ፕሮግራማቸውን ወረቀት አየዋለሁ፣ በቀይ እስኪሪብቶ የተዥጎረጎረ። እትዬ የሺ ዓይኔን ተከትለው፣ «አልተውኩትም እኮ፣ አንድ ቀን አገኘው ይሆናል» ይሉኛል። እንዲህ ዓይነት ጉርሻ እንዴት በጉሮሮዬ እንደወረደ እኔ አላውቅም።

ሙያውም ተለወጠ። አሁን ያሉት ልጆች የሚጽፉበት ቋንቋ ሌላ ነው። ቁጥሩን ይፋ ካላደረግከው ከክፍሉ አይወጣም፤ ማንም ካልተጠቀመበት ማሽኑ ራሱ ይናገርብሃል። ሳየው እቀናለሁ። «ይህ ያኔ ቢኖር ኖሮ» እልና ደግሞ አፍራለሁ። «የእኔ ንጹህ ነው» ብሎ የሚዋሽን ሰው የሚይዝ ቋንቋ እነሱም አልሠሩም።

ወደዚያ የጡረታ ዕለቴ ልመለስ። እትዬ የሺንም ጠርተዋቸው ነበር። ምርኩዝ ይዘው መጡ። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ተነሱ።

«እኔ ያበላሸሁትን ያቃናልኝ ይህ ልጅ ነው» አሉ። «ስሜ በጠፋ ጊዜ ደጄን የረገጠ እሱ ብቻ ነው። ልጆቼ፣ እንደ መስፍን ሁኑ።»

ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ተናገር አለኝ ልቤ፣ አሁን ተናገር። አፌ ውስጥ ኬክ ነበር። ዋጥኩና «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ምግብ አልበላ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ እጄን ቁስቋም ወጣሁ። ማህሌት ጓዳ ነበረች። ከእትዬ የሺ ፊት ለፊት ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ለቅሶ ቤቱን፣ ስልሳዋን፣ ፍላሹን፣ ሪፖርቱን።

«ስልሳ?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ እትዬ።»

«በአንተ ፋይል?»

«በእኔ ፋይል።»

«እንግዲያው የእኔ ልክ ነበር።»

«ልክ ነበር።»

ወረቀቶቹን ሰበሰቡና እቅፋቸው ውስጥ አደረጓቸው። «አሥራ ሁለት ዓመት» አሉ። «ጭንቅላቴ ከባሌ ጋር አብሮ የተቀበረ መስሎኝ ነበር እኮ። ልክ የሆኑትን ቁጥሮች እያየሁ ስህተት ስፈልግባቸው ኖርኩ። አንተ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብለህ ትበላ ነበር። ውይ መስፍን!» ከዚያ ማህሌትን ጠሩ። «ለእሷም ንገራት» አሉኝ።

ደገምኩት። ማህሌት ቆማ ሰማች። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እማዬ፣ ያን ቀን ጄሪካኑን ወርውሬ ሰፈሩን ውሃ ያስጠማሽው አንቺ ነሽ ያልኩሽን ይቅር በይኝ» አለች። «አልረሳሁትም። እስከዛሬ አልረሳሁትም።»

እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ ይህን ሁሉ ስናዘዝ ይቅርታ የምትለዋን ቃል አንዴ እንኳ እንዳላወጣኋት የታወቀኝ ያኔ ነው። አሁን ልላት ስል እትዬ የሺ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ» አሉኝ። «ለእኔ አሁን አትበለኝ። ነገ እድር አለ። አንዷ በሰው መሃል ‘ያስጠማችን ይህችው ናት’ ካለችኝ ወዲህ እድር ስብሰባ ረግጬ አላውቅም። ነገ እሄዳለሁ። አንተም መጥተህ፣ ቆመህ ትነግራቸዋለህ።»

እሁድ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ፣ ያኔ በጀርባቸው ውሃ ሲያመላልሱ ያየኋቸው ሴቶች አርጅተው ተቀምጠዋል። እትዬ የሺ ከማህሌት ጋር ጥግ ይዘዋል። ሰብሳቢው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ «እንግዳው የሚሉት አላቸው» ብለው አስነሱኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«ያኔ ፓምፑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እትዬ የሺ አይደሉም። የእሳቸው ቁጥር ልክ ነበር። እኔ እያወቅሁ በእሳቸው አላከክሁ።»

አንድ ሰው ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ሰብሳቢው ግን እኔን አላዩኝም። ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ጥጉ ዞሩና፣ «ወይዘሮ የሺመቤት፣ ይቅር ይበሉን» ብለው ጎንበስ አሉ። አንዷ ተነሳች፣ ሌላዋ ተከተለቻት፣ ከዚያ ሁሉም ተነሳ። ያቺ ክፉ የተናገረቻቸው ሴት እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በክንዷ ይዘው አስቀሯት። ሰዉ ከበባቸው፣ ይስማቸዋል፣ ያለቅሳል። እኔ ያሳሳትኩት ሰው ሁሉ ይቅርታ ይለምናል። እኔ ጀርባቸውን እያየሁ ከፊት ለፊት ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። ተቀመጥ ያለኝ የለም፣ ውጣ ያለኝም የለም።